ጠበቃ መቅጠር ወንጀል በነበረበት አገር

ከ1927 እስከ 1951 ካናዳ ውስጥ አንድ ሕግ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የአገሩ ነባር ሕዝቦች በመሬታቸው ጉዳይ ለመሟገት ብለው ያለ መንግሥት ፈቃድ ገንዘብ ቢያሰባስቡ ወንጀል ነው። ሌላ ሰው ቢያሰባስብላቸው እሱም ወንጀለኛ ነው። እንግዲህ አስቡት። ገንዘብ ከሌለ ጠበቃ የለም፤ ጠበቃ ከሌለ ክስ የለም። መሬቱን የወሰደው መንግሥት የፍርድ ቤቱንም በር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ሕግ የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። ያኔ ይህን ታሪክ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ያወቅኩት ቫንኩቨር መኖር ከጀመርኩ በኋላ ነው። እዚህ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። የወላጆች ስብሰባ ይሁን የማዘጋጃ ቤት ጉባኤ፣ መጀመሪያ አንድ ሰው ይነሳና ያለንበት መሬት የመስኳም፣ የስኳሚሽና የስሌይል-ዋቱት ሕዝቦች እንደሆነ፣ እነሱም በውል ለማንም እንዳላስረከቡት ይናገራል። ከዚያ በቀጥታ ወደ አጀንዳው ይገባል። ሁሉም ለምዶታል። እኔ ግን መልመድ አቃተኝ። በውል ካልተላለፈ በምን አግባብ ተያዘ? ሕግ የተማረ ሰው ይህን ጥያቄ ሰምቶ እንዴት ዝም ብሎ ይቀመጣል? ማንበብ ጀመርኩ። የማነበው ሁሉ ደጋግሞ ወደ አንድ ጠበቃ ወሰደኝ፤ ቶማስ በርጀር ወደሚባል ሰው።

በርጀር በ1933 በዚሁ ክፍለ ሀገር፣ በቪክቶሪያ ከተማ ተወለደ። አባቱ የፌደራል ፖሊስ ነበር። ሠላሳ ዓመት በሞላው ጊዜ አንድ ተራ የሚመስል ጉዳይ እጁ ገባ። ክሊፎርድ ዋይትና ዴቪድ ቦብ የሚባሉ፣ ከነባሩ የናናይሞ ሕዝብ የሆኑ ሁለት ሰዎች ያለ ፈቃድና ከአደን ወቅት ውጭ ስድስት አጋዘን ገድለው ተያዙ። እያንዳንዳቸው 100 ዶላር መቀጮ፣ ካልሆነም 40 ቀን እስር ተፈረደባቸው።

ብዙ ጠበቃ እንዲህ ያለውን ጉዳይ “መቀጮውን ክፈሉና ተገላገሉ” ብሎ ይሸኘዋል። እኛም አገር የተለመደው ምክር ይሄው ነው። ሰዎቹ ግን የሚሉት ሌላ ነው። አያቶቻችን ከእንግሊዞቹ ጋር ተዋውለዋል፣ ማደን መብታችን ነው ይላሉ። በርጀር ይህን ቃል እንደ ሰበብ ሳይሆን እንደ ማስረጃ ሰማው። ዊልሰን ዳፍ ከሚባል የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ ጋር ሆኖ የውሉን ዱካ ተከታተለ። ሰነዱ በቤተ መዛግብት ተቀምጦ ነበር።

ስለ ሰነዱ ትንሽ ልቆይ። የተፈረመው በ1854 ነው። የሰዎች ስም በተርታ ተጽፏል። ከየስሙ አጠገብ የመስቀል ምልክት አለ። ከላይ፣ የውሉ ቃል መስፈር በነበረበት ቦታ ላይ ግን ምንም የለም። ባዶ ነው። የእንግሊዞቹ ገዢ ጄምስ ዳግላስ በቫንኩቨር ደሴት ላይ እንዲህ ያሉ 14 ስምምነቶችን አድርጓል። አሠራሩ ሰዎቹን አስቀድሞ ማስፈረም፣ ጽሑፉን በኋላ መሙላት ነበር። የናናይሞው ሳይሞላ ቀረ። የሌሎቹ ጽሑፍ ግን ይታወቃል፦ ባልተያዘ መሬት ላይ እንደ ልባቸው ማደን፣ ዓሣም እንደ ቀድሞው ማጥመድ ይችላሉ።

ዐቃቤ ሕግ ይህ ውል ሊባል አይችልም ብሎ ተከራከረ። ጽሑፍ የሌለው ወረቀት ምን ውል ይሆናል? የይግባኝ ሰሚው ዳኛ ቶማስ ኖሪስ የሰጡትን መልስ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሥልጣን ያለው ሰው በቦታው ቆሞ የገባው ቃል፣ ሕዝቡ ራሱ “የነጩ ሰው ቃል” የሚለው፣ ውል ነው አሉ። በ1965 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የይግባኙን ፍርድ አጸናው። አዳኞቹ ነጻ ወጡ።

ሰነዱ ባዶ ቢሆንም ሕዝቡ ቃሉን አልረሳም። ከመቶ ዓመት በላይ አባት ለልጅ ሲነግረው ኖሯል። ጠበቃው ያደረገው ያንን ቃል ዳኛ ፊት ማድረስ ነው። ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን የቃሉ ባለቤት እሱ አይደለም። ይህን የምለው ስለ በርጀር ሲጻፍ አንዳንዴ መብቱን እሱ የሰጣቸው ስለሚመስል ነው። የኒስጋን ታሪክ ያነበበ ሰው እንዲህ አይልም።

ኒስጋዎች የሚኖሩት በሰሜን፣ በናስ ወንዝ ሸለቆ ነው። በ1887 አለቆቻቸው በታንኳ ባሕር ተሻግረው እስከ ቪክቶሪያ ድረስ መጡ። የክፍለ ሀገሩን ጠቅላይ ሚኒስትር አግኝተው የመሬታችን ነገር በውል ይፈጸም አሉ። ሰውየው “ነጮች ሲመጡ ከዱር አውሬ ብዙም አትሻሉም ነበር” ብሎ ባዶ እጃቸውን መለሳቸው። በ1913 አቤቱታቸውን ለንደን ድረስ ላኩ። ምላሽ አላገኙም። በ1927 ያ የጠበቃ ክልከላ መጣ። በ1951 ተነሳ። ከአራት ዓመት በኋላ የኒስጋ ምክር ቤት በፍራንክ ካልደር መሪነት ተቋቋመ። በርጀርን የቀጠሩት እንግዲህ እነዚህ ናቸው። ወደ ቢሮው ሲመጡ ጉዳዩን ከእሱ ዕድሜ በላይ ሲሟገቱት ኖረዋል።

ከሌሎቹ ነባር ሕዝቦች መካከል ክሱን የፈሩት ነበሩ። ብትሸነፉ ሁላችንንም ይዛችሁ ትወድቃላችሁ የሚል ስጋት ነው። ስጋቱ ከንቱ አልነበረም። ኒስጋዎች በ1969 በከፍተኛው ፍርድ ቤት ተረቱ። በይግባኝም ተረቱ። በዚያው በ1969 ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ትሩዶ ቫንኩቨር መጥቶ “ይሆን ነበር” በሚል ታሪክ ላይ አገር አይገነባም ብሎ የነባር መብት የሚባል ነገር እንደማይቀበል በግልጽ ተናግሮ ነበር።

በመሪያቸው ስም የካልደር ጉዳይ የሚባለው ይህ ክስ በ1971 መጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። ፍርዱ የተነበበው በ1973 ጥር ወር ነው። ሰባት ዳኞች ተሰይመው ነበር። ሦስቱ የኒስጋ መብት እስካሁን አለ አሉ። ሦስቱ ነበረ፣ ግን ቀርቷል አሉ። ሰባተኛው ወደ መሬቱ ነገር ጭራሽ አልገባም፤ መንግሥትን ለመክሰስ ፈቃድ አላወጣችሁም ብሎ በሥነ ሥርዓት ምክንያት ክሱን ጣለው። አራት ለሦስት። ኒስጋዎች ተረቱ።

ግን ልብ በሉ። ስድስቱም ዳኞች በአንድ ነገር ተስማምተዋል። መብቱ የመነጨው ከማንም ንጉሥ ችሮታ አይደለም። መብቱ ቀርቷል ካሉት ዳኞች አንዱ የሆኑት ጀድሰን እንኳ ሰፋሪዎቹ ሲመጡ እነዚህ ሰዎች በማኅበረሰብ ተደራጅተው፣ አባቶቻቸው ለዘመናት እንደያዙት መሬቱን ይዘው ነበር ብለው ጻፉ። ትሩዶ ፍርዱን ካየ በኋላ ሐሳቡን ቀየረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ መንግሥት ውል ባልተደረገባቸው ቦታዎች ሁሉ ለመደራደር ዝግጁ ነኝ አለ። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ የአውስትራሊያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማቦ ጉዳይ የነባሮችን የመሬት መብት ሲቀበል የካልደርን ፍርድ እየጠቀሰ ነው። የተረታ ክስ እንዲህ ባሕር ሲሻገር ሌላ አላየሁም።

የኒስጋ ውል የጸናው በ2000 ነው። ወደ 2,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር መሬትና ራስን የማስተዳደር ሥልጣን አገኙ። ይህ ከጥንት ይዞታቸው ከአስር አንድ እጅ አይሞላም። ለእኔ ይህ ዛሬም የሚከነክን ነገር ነው። አንድ ክፍለ ዘመን ተሟግቶ አንድ አስረኛ። ውሉን የተቀበሉት ግን ራሳቸው በድምፅ ነው። የእነሱን ውሳኔ ከሩቅ ሆኜ ላጣጥል አልፈልግም። ፍራንክ ካልደር ቀኑን በሕይወት ቆይቶ አይቶታል።

በርጀር የካልደር ፍርድ ሲነበብ ጠበቃ አልነበረም። ከተከራከረ በኋላ ወዲያው ዳኛ ሆኖ ተሾሞ ነበር። ዳኛ ሆኖ ከ1974 እስከ 1977 የሠራው ሥራ ደግሞ ለእኔ ከካልደርም ይበልጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የነዳጅ ኩባንያዎች ከአላስካ ሰሜናዊ ዳርቻ የተፈጥሮ ጋዝ በመኬንዚ ወንዝ ሸለቆ በኩል ወደ ደቡብ የሚያወርድ ቧንቧ ለመዘርጋት ተነሱ። መስመሩ የሚያልፈው በዴኔ፣ በሜቲስና በኢኑቪያሉት ነባር ሕዝቦች መሬት ላይ ነው። መንግሥት በርጀርን ጉዳዩን አጥንተህ አቅርብ አለው። ከተማ ውስጥ ተቀምጦ የባለሙያ ሪፖርት እያገላበጠ ሊጨርሰው ይችል ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ጠየቀ። ኩባንያዎቹ ጠበቃና ባለሙያ አላቸው፤ ነባሮቹም በመንግሥት ወጪ ይኑራቸው አለ። ተፈቀደ። ጠበቃ መቅጠር የከለከለው መንግሥት ሃምሳ ዓመት ሳይሞላ የጠበቃውን ዋጋ ራሱ ከፈለ።

ቀጥሎ መንገድ ጀመረ። በመስመሩና በአካባቢው ወዳሉ 35 መንደሮችና ከተሞች ሄደ። ችሎቱ የሚሰየመው በመንደር አዳራሽ፣ በግንድ ቤት፣ በወንዝ ዳር፣ በአደንና በዓሣ ማጥመጃ ሰፈር ነው። መናገር የፈለገ ሁሉ በገዛ ቋንቋው ይናገራል። አስተርጓሚ አጠገቡ አለ። የኩባንያው ጠበቃ ተነስቶ መስቀለኛ ጥያቄ አያዋክበውም። የሚናገር ሰው እስካለ ችሎቱ አይነሳም፤ እኩለ ሌሊት ያለፈበትም ጊዜ አለ። የተባለው ሁሉ በሬዲዮ በየቋንቋው ይተላለፋል፤ አንዱ መንደር ሌላው መንደር ምን እንዳለ ይሰማል። ወደ 1,000 የሚጠጋ ሰው ቃሉን ሰጠ። አዳኞች ወጥመድ የሚዘረጉበትን፣ እንስሳት የሚሻገሩበትን፣ ዘመዶቻቸው የተቀበሩበትን ቦታ ተናገሩ። ካርታ አውጥተው የአደን መንገዳቸውን አሳዩ። ባዶ ይባል የነበረው ምድር ካርታው ላይ በመስመር ተሞላ።

ይህን ሳነብ ሥራዬ ትዝ ይለኛል። እኔ በስደተኞች ጉዳይ ለአማርኛ ተናጋሪዎች አስተረጉማለሁ። አንዲት እናት “ሰዎቹ የመጡት በስንት ሰዓት ነው?” ተብላ “ከብቶቹ ሲገቡ” ብላ መለሰች። ሰዓቱን ንገሪን ተባለች። “ከብቶቹ ሲገቡ” አለች ደግማ። ጠያቂው ምስክሯ መልስ መስጠት አልፈለገችም የሚል ነገር ጻፈ። ሴትየዋ እኮ በትክክል መልሳለች! በዚያ መንደር ከብት የሚገባበትን ሰዓት የማያውቅ ሕፃን የለም። ጊዜ ወስዶ “ፀሐይ ወዴት ነበረች?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ሰዓቱ በደቂቃዎች ልዩነት ይገኝ ነበር። የበርጀር ችሎት ያን ጊዜ ይሰጥ ነበር። ሰውን ከኑሮው አውጥቶ ጠረጴዛ ፊት ከማቆም ይልቅ ጠረጴዛውን ኑሮው ድረስ ወሰደው።

ሪፖርቱ በ1977 ግንቦት ወጣ። በሰሜን ዩኮን በኩል ቧንቧ ጭራሽ አይለፍ፤ አጋዘኖቹ የሚወልዱበት ምድር ነው አለ። በመኬንዚ ሸለቆ ደግሞ የነባሮቹ የመሬት ጥያቄ እስኪፈታ 10 ዓመት ይቆይ አለ። እድገት አስቀረብን፣ ሥራ አሳጣን ብለው የወቀሱት አሉ። ወቀሳውን አልቀበለውም። አትሥሩ አላለም። መጀመሪያ መሬቱ የማን እንደሆነ ይታወቅ ነው ያለው። ኢኑቪያሉቶች በ1984፣ ግዊቺኖች በ1992፣ የሳህቱ ሕዝቦች በ1993 ውላቸውን ተፈራረሙ። በኋላ የቧንቧው ሐሳብ እንደገና ሲነሳ ነባሮቹ በባለድርሻነት ገብተው ተደራደሩ። እሱም ቢሆን ሳይሠራ በ2017 ተተወ። ቧንቧው እስከ ዛሬ የለም።

በ1981 ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የካናዳ ሕገ መንግሥት ሲሻሻል ፖለቲከኞቹ በመጨረሻው ሰዓት የነባሮችን መብት የሚመለከተውን አንቀጽ አወጡት። በርጀር ዳኛ ሆኖ ሳለ በአደባባይ ተቃወመ። በየቦታው ጩኸቱ ሲበረታ አንቀጹ ተመለሰ። ይሁን እንጂ አንድ ዳኛ ባልደረባው ከሰሰው። የዳኞች ጉባኤ ከሥራ የሚያስወግድ ባይሆንም አላግባብ ተናግረሃል አለው። በ1983 ዳኝነቱን ተወው። ዳኛ በፖለቲካ ጉዳይ ዝም ማለት አለበት የሚለውን መርህ እኔም አምንበታለሁ። ዝም ቢል ኖሮ ግን ያየውን የደበቀ ምስክር ይሆን ነበር። ወንበሩን ለቆ መውጣቱ ለሁለቱም ክብር የሰጠ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ አላስካ ሄዶ የመንደሮችን ቃል ሰማ። በ1992 የዓለም ባንክ ገንዘብ የሰጠበትን የሕንድን የሰርዳር ሳሮቫር ግድብ ከገመገሙት አንዱ ሆነ፤ ከመሬታቸው የሚነሱት ሰዎች ጉዳይ በወጉ እንዳልታየ ጽፈው ባንኩ በሚቀጥለው ዓመት ከግድቡ ወጣ። በ2013 የማኒቶባ ሜቲሶች በ1870 ለልጆቻቸው ቃል ስለተገባው 1.4 ሚሊዮን ኤከር መሬት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲረቱ ጠበቃቸው እሱ ነበር። በ2017 በዩኮን የፒል ወንዝ ተፋሰስ ጉዳይ እንደገና እዚያው ችሎት ቆመ፤ ያኔ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያንንም ረታ። በ2021 አረፈ።

በመንደሮቹ ችሎት ከበርጀር ጋር የሠራ ማይክል ጃክሰን የሚባል የሕግ መምህር ነበር። እሱ ደግሞ በኋላ ዴልጋሙኩ በሚባለው የመሬት ክስ ከጊትክሳንና ከዌትሱወቴን ነባር ሕዝቦች ጠበቆች አንዱ ሆነ። በዚያ ችሎት አንዲት አዛውንት የመሬታቸውን ታሪክ የሚናገረውን መዝሙር ሊያሰሙ ሲሉ ዳኛው ለመዝሙር ጆሮ የለኝም ብለው ነበር። በ1991 የአፍ ታሪካቸውን አልቀበልም ብለው ፈረዱ። በ1997 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻረው። የአፍ ታሪክ ከጽሑፍ ሰነድ እኩል ይመዘን አለ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው? በርስት ዘመን በሰሜኑ የኢትዮጵያ ክፍል ባለርስት መሆንህን የምታስረዳው ትውልድ ቆጥረህ ነው። እስከ አቅኚው አባት ድረስ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያልክ ትወጣለህ። ተከራካሪህ አንዱን ስም ከሳትክ ይጥልሃል። ያ ሥርዓት በራሱ ብዙ በደል ነበረው፤ ጭሰኛውን ያስለቀሰ የመሬት ሥሪት አገሪቱ ውስጥ ነበረና በ1967 ዓ.ም. (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) በአዋጅ ተሻረ። ግን እኔ እስከማውቀው የሽማግሌ ቃል ማስረጃ መሆን አለመሆኑን ለመወሰን ማንም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አልሄደም። በርስትና በሚስት ቀልድ የለም የሚል ሕዝብ የኒስጋን ትዕግሥት ሳይነገረው ያውቀዋል።

ወደ አህጉራችን ስመጣ ኬንያ አለች። የኬንያ መንግሥት በ1970ዎቹ የኢንዶሮይስ አርብቶ አደሮችን ከቦጎሪያ ሐይቅ ዙሪያ አንስቶ ቦታውን የዱር እንስሳት መጠበቂያ አደረገው። አገራቸው ፍርድ ቤት ተረቱ። ወደ አፍሪካ የሰዎችና ሕዝቦች መብት ኮሚሽን ሄዱ። ውሳኔው በ2010 ይፋ ሲሆን እነሱን ደገፈ፦ መሬቱ ይመለስላቸው፣ ካሳም ይከፈላቸው አለ። አፈጻጸሙ እጅግ ተጓትቷል። ውሳኔው የቆመበትን የአፍሪካ ቻርተር ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። የራሳችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም አርብቶ አደሩ ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት አለው ይላል። ይህን አንቀጽ ይዞ አፋር፣ ሶማሌ ወይም ደቡብ ኦሞ ወርዶ፣ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ሽማግሌ የሚለውን ቃል በቃል የሚመዘግብ ጠበቃ ብዙ ያስፈልገናል።

ከአገር ቤት የሕግ ተማሪዎች አልፎ አልፎ ይጽፉልኛል። በመሬት መብት ላይ መሥራት እንፈልጋለን፣ ከየት እንጀምር ይላሉ። ፍርዶቹን አንብቡ እላቸዋለሁ፤ ካልደርን፣ ዴልጋሙኩን፣ ኢንዶሮይስን። ከፍርዶቹ በፊት ግን የመኬንዚን የምስክር ቃል እንዲከፍቱ እለምናቸዋለሁ። ሙሉ መዝገቡ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ጥራዙ ብዙ ነው፤ መሐንዲሶችና የኩባንያ ጠበቆች የተናገሩበት ክፍል አለ፣ መንደሮቹ የተናገሩበት ክፍል አለ። ከመንደሮቹ ጀምሩ። አንድ ሰው ተነስቶ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የሚያድንበትን ቦታ ሲናገር ታነባላችሁ። ከዚያ ቀጣዩ ይነሳል።